አባቴ የዋልያ ጠባቂ ነበር፤ እኔ ወደ አደን ልሄድ ነው

ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣

27 ዓመቴ ነው። የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ ነው። ሥራዬ አስጎብኚነት ነበር፤ ከፋሲል ግቢ እስከ ሰሜን ተራሮች ብዙ እንግዳ አዙሬያለሁ። እንግዳው ከጠፋ ወዲህ ፒያሳ፣ ጓደኛዬ ሱቅ ውስጥ የሞባይል ሽፋን እሸጣለሁ።

የእናቴ ወንድም አሜሪካ ነው የሚኖረው። እዚያ አደን ለምዷል። ዘንድሮ ለጥምቀት ይመጣል፤ ከዚያ ወደ ባሌ ሄዶ ደጋ አጋዘን ሊያድን ከአንድ ድርጅት ጋር ተዋውሎ ከፍሏል። «አብረኸኝ ትሄዳለህ፣ ወጪህ በእኔ ነው። ምናልባት ሥራም ይከፈትልሃል። ግን ሳትዘጋጅ እንዳትመጣ» አለኝ። ከዚያ ቪዲዮ ማዝነብ ጀመረ። እስካሁን 43 ደርሷል። 150 ዶላር የሚያወጣ የኦንላይን ኮርስም ልክፈልልህ ይላል። እዚህ ደግሞ አንድ ልጅ በቴሌግራም «የተሟላ የአደን ትምህርት» ብሎ 60 ፒዲኤፍ በ1,500 ብር ይሸጣል። የቱን ልያዝ? እኔ ጠመንጃ ተኩሼ አላውቅም።

የሚብሰው ሌላ ነው። አባቴ 22 ዓመት የፓርክ ስካውት ነበር። ያደግነው ደባርቅ ነው። ዋልያ ሊገድሉ የመጡ ሰዎችን ገደል ለገደል ሲያሳድድ ነው ዕድሜው ያለቀው። አሁን ጡረታ ወጥቶ ከእኔ ጋር ይኖራል። አልነገርኩትም። ቪዲዮዎቹን የማየው ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ፣ በጆሮ ማዳመጫ ነው። በዚህ ዕድሜዬ! ምን ይሻለኛል?

ብርድ ልብስ ውስጡ፣ ከጎንደር

ወንድሜ፣

ብርድ ልብሱ ጋ ስደርስ ሳቄ አመለጠኝ፤ ይቅር በለኝ። ቆይቼ ግን አሳዘንከኝ። አንድ ጆሮው ቪዲዮው ላይ፣ አንድ ጆሮው በሩ ላይ የሆነ ሰው ምን ይገባዋል? ከቪዲዮውና ከፒዲኤፉ ልጀምርልህ። አባትህ ጋ መድረሳችን አይቀርም።

ፒዲኤፉን ተወው። 1,500 ብርህን ያዝ። እንዲህ ያለ ጥቅል ብዙ ጊዜ ከየትም የተለቃቀመ የሰው መጽሐፍ ቅጂ ነው፤ ግማሹ ስለ ጠመንጃ ዓይነት፣ ግማሹ ስለ ሌላ አገር አውሬ ያወራል። ጥምቀት ሁለት ወር ቢቀረው ነው። በሁለት ወር 60 ፋይል አንብቦ የሚጨርስ ሰው ካወቅህ ለእኔም አስተዋውቀኝ፤ ጠረጴዛዬ ላይ የተከመረ ደብዳቤ አለ።

ከ43ቱ ቪዲዮዎች ምናልባት አራት አምስቱ ይጠቅሙሃል። ለመለየት ድምፁን አጥፋው። (ለአንተማ ይመችሃል።) ድምፅ ሳይኖር ካሜራው ምን ላይ እንደሚቆይ እይ። አዳኙ ፊት ላይ፣ ጠመንጃው ላይ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ የሞተ እንስሳ ቀንድ ይዞ ፎቶ መነሳት ላይ ከሆነ እለፈው። እሱ ፉከራ ነው፤ ፉከራ ደግሞ ጎንደሬ ከዩቲዩብ አይማርም። ካሜራው እንስሳው ላይ ከቆየ ግን ያዘው። ጆሮውን ወዴት እንዳዞረ፣ ከመንጋው የትኛው እንደሚግጥና የትኛው ቆሞ እንደሚጠብቅ ካሳየህ ያዘው። አዳኙ አይቶ፣ አይቶ፣ ሳይተኩስ ሲመለስ ካሳየህ ደግሞ ሁለት ሦስቴ እየው።

የተቀረፀበትንም ቦታ ልብ በል። ዩቲዩብ ላይ ከምታገኘው የአፍሪካ አደን ብዙው የደቡብ አፍሪካና የናሚቢያ ነው። ሜዳው ግልጥ፣ ሣሩ ደረቅ፣ ብዙ ጊዜም በአጥር የተከለለ የግል ይዞታ ነው። ባሌ እንዲያ አይደለም። ደጋ አጋዘን የሚውለው ጥድና ኮሶ ባለበት ጫካ፣ ከዚያም ከፍ ብሎ አስታ የሚባለው ቁጥቋጦ ውስጥ ነው። ጭጋግ አለ። ብርድ አለ። ትንፋሽ የሚያሳጥር ዳገት አለ። ይሄ ለደባርቅ ልጅ ምኑ አዲስ ነው? አስታውንም ጅብራውንም ሮጠህ ያደግህበት ነው። አጎትህ ከአሜሪካ በሻንጣ ይዞት የማይመጣውን ነገር አንተ ግማሹን ይዘህ ነው የምትሄደው።

የ150 ዶላሩ ኮርስ ላይ ሐሳቤ ለሁለት ተከፈለ። የተዘጋጀው ለአሜሪካ አዳኝ ነው፤ የእነሱ ሕግ፣ የእነሱ አጋዘን፣ የእነሱ ወቅት። ባሌ ላይ አይሠራልህም። ስለ ጠመንጃ ጥንቃቄ የሚያስተምረው ምዕራፍ ግን የትም አገር ያው ነው፤ እሱን በደንብ ያስተምራሉ። ደግሞም ብዙዎቹ ኮርሶች ትምህርቱን በነጻ ያስነብቡና የሚያስከፍሉት ለሰርተፍኬቱ ነው። ሰርተፍኬቱ ለአንተ ምን ያደርግልሃል? አጎትህን «የጥንቃቄው ምዕራፍ ይበቃኛል፤ ገንዘቡን ለጥሩ ቢኖኩላር አድርግልኝ» በለው። እንዲህ ያለ አደን አብዛኛው ቀን የሚያልፈው ሸንተረር ላይ ተቀምጦ ማዶውን በማየት ነው። ጠመንጃው ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ዓይንህ ላይ የሚውለው ቢኖኩላሩ ነው።

የዚያ ምዕራፍ ፍሬ ነገር አራት ዐረፍተ ነገር ነው፤ በቃልህ ያዘው። ማንኛውንም ጠመንጃ ጥይት እንደ ጎረሰ ቁጠረው። አፈሙዙን ልትመታው ወደማትፈልገው ነገር አታዙር። ለመተኮስ እስክትቆርጥ ድረስ ጣትህ ቃታው ላይ አይረፍ። ከዒላማው ጀርባ ምን እንዳለ ሳታውቅ አትተኩስ። ልምምዱን ግን ከቪዲዮ አትማር፤ ጎንደር ላይም አትሞክረው። ጊዜው እንዴት እንደሆነ ለአንተ አልነግርህም። «ከከተማ ወጣ ብዬ ሁለት ጥይት ልሞክር» ያለ ሰው ለራሱም ለጎረቤቱም ጣጣ ነው የሚያመጣው። ያለ ፈቃድ መሣሪያ መያዝ ደግሞ በአዋጅ 1177/2012 ወንጀል ነው። ካምፕ ስትደርሱ ከአደኑ በፊት ዒላማ መሞከር የተለመደ ነው፤ መሣሪያው በመንገድ ተነካክቶ እንደሆነ የሚታየው ያኔ ነው። እዚያ ከባለሙያው ጎን ቆመህ ተማር።

አሁን ደግሞ ማንም ሊንኩን ያልላከልህን ነገር ልንገርህ። ነጋሪት ጋዜጣ። አትሳቅ። የዱር እንስሳት ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 541/1999ን እና እሱን ለማስፈጸም የወጣውን ደንብ ቁጥር 163/2000 አውርድ፤ ከዚያ ወዲህ የተሻሻለ ወይም የተተካ ካለ አዲሱን ያዝ። ማን ማደን እንደሚችል፣ ምን ዓይነት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ፣ ምን እንደተከለከለ እዚያ ነው ያለው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይበቃሃል። ደግሞ ለአስጎብኚ የተሠራ ነው የሚመስለው፦ በግራ አማርኛው፣ በቀኝ እንግሊዝኛው። የሙያውን ቃል እየነጠልክ ደብተርህ ላይ ጻፍ። አጎትህ «ሥራ ይከፈትልሃል» ያለው ነገር እውነት ከሆነ የሚከፈተው በዚህ በኩል ይመስለኛል፤ አደን ካምፕ ውስጥ ሁለቱንም ቋንቋ ከነሕጉ የሚያውቅ ሰው ዋጋ አለው። ብቻ አትመካበት፤ የሱቁን ሥራ እንዳትለቅ።

ከዚያ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቅ፤ በስልክ አይደለም። የምንሄድበት የአደን ቀበሌ (አደን የሚፈቀድበት ክልል ማለት ነው) የትኛው ነው? ፈቃዱ በማን ስም ነው? አብሮ የሚሄድ ሰው ምን ይፈቀድለታል፣ ምን ይከለከላል? የሚመራን ፈቃድ ያለው ፕሮፌሽናል አዳኝ ማን ነው? ሰው ቢታመም ቅርቡ ሕክምና የት ነው? እንስሳው ቆስሎ ቢያመልጥ ምን ይደረጋል? የመጨረሻውን ጥያቄ አስምርበት። በብዙ አገር የአደን ጉዞ ቆስሎ ያመለጠም እንደተገደለ ተቆጥሮ ይከፈልበታል። ገንዘቡ የአጎትህ ጉዳይ ነው። እኔ የምፈልገው መልሳቸውን እንድትሰማ ነው። «ደሙን ተከትለን እስኪመሽ እንፈልጋለን» የሚል ድርጅትና ጥያቄውን ዘሎ ስለ ድንኳኑ ምቾት የሚያወራ ድርጅት አንድ አይደሉም።

ሱቃችሁ መሳቢያ ጥግ አሥር ሳንቲም አይጠፋም፤ ፈልግና አውጣው። በአንድ በኩል የሚያገሳ አንበሳ፣ በሌላው ደጋ አጋዘን ነው። ስንቱ ሰው አሥር ሳንቲም ሲቆጥር ኖሮ አላየውም! ቀንዱን ተመልከት፣ እንዴት ተጠማዞ እንደወጣ። ይሄ እንስሳ በዓለም ላይ ከእኛ ደጋ በቀር የትም የለም። ለሳይንስ የተመዘገበው እንደ ፈረንጆቹ በ1910 ነው፤ ያን ያህል ትልቅ እንስሳ ያን ያህል ዘግይቶ! የባሌ ገበሬ ግን ያኔም ያውቀው ነበር፤ እንግዲህ «ተገኘ» የሚሉት ፈረንጅ ሲያየው ነው። ቀንድ ያለው ወንዱ ብቻ ነው፤ አዳኝ የሚፈልገውም ዕድሜው የገፋውን ወንድ ነው። እና የትምህርቱ ሁሉ ከባዱ እዚህ ላይ ነው። በጭጋግ ውስጥ፣ ከሸለቆ ማዶ፣ በግማሽ ደቂቃ፣ ይሄ ያረጀ ነው ወይስ ጎረምሳ ብሎ መለየት። ለዚህ 60 ፒዲኤፍ አያስፈልግህም። ሥዕል ያለው አንድ የአጥቢ እንስሳት መለያ መጽሐፍ ይበቃሃል። ደጋ አጋዘንን ብቻ ሳይሆን እዚያው ጫካ የሚኖረውን የምኒልክ ድኩላንም አጥናው። ድኩላው በቁመት ያንሳል፤ ወንዱ ወደ ጥቁር ያደላል። ሥዕሉን ሸፍነህ ራስህን ፈትን።

እስካሁን አንድ ነገር አልጠየቅሁህም። አንተ መተኮስ ትፈልጋለህ? ወይስ መሄድ ነው የምትፈልገው? ደብዳቤህን ደግሜ አነበብኩት፤ «ተኩሼ አላውቅም» ብለሃል እንጂ «መተኮስ እፈልጋለሁ» የሚል የለበትም።

እኔ ዘጠኝ ወይም አሥር ዓመቴ ሳለሁ አንድ ዘመዳችን ቆቅ መትቶ «ያዣት» ብሎ ሰጠኝ። አልሞተችም ነበር። ክንፏ ተሰብሯል፣ ዓይኗ ክፍት ነው። መዳፌ ውስጥ ልቧ እንደ ስፌት መኪና ይመታል። እሱ ቢላዋ ፍለጋ ሄዶ ቆየ። እኔ ቆሜ ያዝኳት። ማታ ወጥ ተሠራ፤ በላሁ፤ ጣፈጠኝ። ስለዚህ ልሰብክህ አልችልም። ግን ያቺን ደቂቃ አልረሳኋትም፤ ጠመንጃ የያዘ ሰው ሳይ የሚታወሰኝ ተኩሱ ሳይሆን መዳፌ ነው።

አንተ የራስህን መልስ እዚሁ አዘዞ ሆነህ ወስን። ሸንተረር ላይ፣ አጎትህ ከኋላህ «በል! በል!» እያለ የሚወሰን ነገር አይደለም። ማየት ብቻ ከፈለግህ ችግር የለውም፤ የአደን ጉዞ ላይ ሳይተኩስ አብሮ የሚሄድ ሰው የተለመደ ነው። «ጋሼ፣ አብሬህ እሄዳለሁ፣ ማዶ ማዶውን እያየሁ አግዝሃለሁ፤ ጠመንጃ ግን አልይዝም» በለው። ቅር ቢለው እንኳ ከአሁኑ ይሻላል። አጎትህ በእህትህ የትምህርት ቤት ክፍያ ወይም በሌላ ነገር እየረዳችሁ ስለሆነ «እምቢ ማለት ይከብደኛል» የምትል ከሆነ ደግሞ እሱንም ለራስህ በግልጽ ንገረው። ውለታ መመለሻ መንገዱ ብዙ ነው።

ስለ አደን የሚደረገውን ክርክር ሁለቱንም ወገን አንብብ። አንዱ ወገን «ከፈቃዱ የሚገኘው ገንዘብ ነው ጫካው እንዳይመነጠር የሚያደርገው» ይላል። ሌላው «በዓለም አቀፉ መዝገብ ለመጥፋት ከተቃረቡት ጋር የተጻፈ እንስሳ እንዴት ይታደናል?» ይላል። እኔን አንዳቸውም ሙሉ በሙሉ አላሳመኑኝም። በየዓመቱ ይገደል የሚባለው ቁጥር የሚታመነው ቆጠራው ሲታመን ነው፤ እሱን ድርጅቱን ጠይቀው። እዚህ ጋ ነው አባትህ የሚመጣው፤ ይሄን ጥያቄ ከእሱ የተሻለ የሚጠይቅልህ ሰው አላውቅም።

22 ዓመት! እስቲ አስበው። ጨነቅ ገደል አፋፍ ላይ ተቀምጦ ዋልያ ሲወጣና ሲወርድ ያየ ሰው ነው። ነፋሱ ሲዞር እንስሳው ቀድሞት እንደሚያውቅ ያውቃል። ኮቴው የዛሬ ይሁን የትናንት፣ ፋንድያው ትኩስ ይሁን የደረቀ፣ ወንዱ ዋልያ ስንት ዓመት እንደሆነው ከቀንዱ ቀለበት ይገምታል። እነዚያ 43 ቪዲዮዎች ሊያስተምሩህ የሚንደፋደፉት ይሄንኑ ነው። አስተማሪህ ከብርድ ልብሱ ማዶ ነው የተኛው።

ብቻ ይሄን እንደ ዘዴ እንዳትጠቀምበት። «አስተምረኝ» በሚል ሽፋን እሺ ልታሰኘው አትሞክር። ዕድሜውን ሙሉ ሕገወጥ አዳኝ ሲያድን የኖረ ሰው ተንኮል ከሩቅ ይሸተዋል። እንደ ትልቅ ሰው ቁጭ ብለህ ንገረው። በዜና ሰዓት ሳይሆን፣ ቤት ሰው በሌለበት፣ ከቡና በኋላ። «አባዬ፣ አጎቴ ለጥምቀት የሚመጣው ባሌ ሄዶ ደጋ አጋዘን ሊያድን ነው፤ ፈቃድ አውጥቷል። አብረኸኝ ሂድ ብሎኛል። ከአንተ ደብቄ ሁለት ሳምንት ስዘጋጅ ነበር፤ አፈርኩ። ምን ትላለህ?» በለው። ነጋሪት ጋዜጣውን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥለት። በፈቃድና በኮታ የሚደረግ አደንና እሱ ሲያሳድደው የኖረው ነገር በሕግ እንደሚለያዩ ካንተ የተሻለ ያውቃል። ልቡ ላይ ላይለያይ ይችላል። መብቱ ነው። ዝም ካለ አንተም ዝም በል፤ «እና ምን ልሁን?» እያልክ አትጎትጉተው። ሁለት ቀን ስጠው።

«አይሆንም» ቢልስ? 27 ዓመትህ ነው፤ ሄድክም ቀረህም ውሳኔው የራስህ ነው። ብትሄድ ግን የት እንደምትሄድ እያወቀ፣ ከደጁ ሸኝቶህ ወይም ፊቱን አዙሮ፣ ግን እያወቀ ሂድ። ብትቀር ደግሞ አጎትህ ትኬት ሳይቆርጥልህ ንገረው። ከሁሉ የማልመክርህ ዝም ብሎ መቆየትን ነው። አጎትህ ከጥምቀተ ባሕሩ ተመልሶ ጠላ ቀማመስ ያደረገ ጊዜ «እና ጠመንጃ ለመድክ?» ብሎ አባትህ ፊት ያፈነዳዋል። የዚያን ቀን ቤታችሁ ውስጥ መሆን አልፈልግም።

አንድ ሐሳብ አለኝ፤ ካልጣመህ ጣለው። መንገዱ ሰላም ከሆነ ከባሌ በፊት ሦስታችሁም ወደ ሰሜን ውጡ። ሁለት ቀን። ያለ ጠመንጃ፣ ቢኖኩላር ብቻ ይዛችሁ፣ አባትህ ከፊት። አጎትህ ከአገሩ የወጣው ስንት ዓመቱ ነው? ዋልያ አይቶ ያውቃል? የአሜሪካውን አዳኝና የደባርቁን ስካውት አንድ ድንጋይ ላይ አስቀምጣቸውና አንተ መሃል ሆነህ ስማ። ሊጣሉ ይችላሉ። ቢጣሉም የሚጣሉት ስለሚያውቁት ነገር ነው፤ ያንን ደግሞ በ150 ዶላር አታገኘውም።

እስከዚያው ግን ለአባትህ አንድ ጥያቄ አቅርብለት፦ ነፋሱን እንዴት እንደሚለይ። በሌላ የአፍሪካ አገር ዱካ ተከታዮች አመድ በስስ ጨርቅ ቋጥረው ይይዛሉ። በየጥቂቱ እርምጃ ጨርቁን ነቅነቅ ያደርጉትና አመዱ ወዴት እንደሚበን ያያሉ። ወደ እንስሳው ከበነነ ዞረው በሌላ በኩል ይሄዳሉ። አባትህ የራሱ መላ ይኖረዋል፤ ምናልባትም በጨርቁ ይስቅብሃል። አንተ ለማንኛውም ቋጥረህ አሳየው። አመዱን ከምድጃው ስትዝቅ በወንፊት ንፋው፤ ካልደቀቀ አይበንም።